ያው መልስ

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ለአንዲት ልጄ፣ ለዓይኔ፤

«እኔ በጣም ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ስል እጄ ቆመ። ይህቺን መስመር ብዕሩ ያለ እኔ እርዳታ መጻፍ ለምዷል። ዛሬ ትቅር።

አንቺስ? ብርዱ፣ ሥራው፣ ያ ሳልሽ? የሁለት ዓመቱን ውል እስከ ወሩ መጨረሻ ካልፈረምሽ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ጽፈሽልኛል። እኔ ከባሰብኝ ግን ሁሉን ትተሽ እንደምትመጪ። «እውነቱን ንገረኝ፣ በአንተ ቃል ነው የምወስነው» ብለሽኛል። ሁለቴ «ፈርሚ» ብዬ መለስኩልሽ። የምጽፍልሽ ስለዚያ ቃል ነው። ተናድጃለሁና ነገሩ ቢዘበራረቅብኝ ታገሺኝ።

የሳንባ ክሊኒኩ ውስጥ አንዲት ጠያቂ መጥታለች። ገና ተማሪ ናት፤ ፋይሏን እንደ ሕፃን አቅፋ ነው የምትዞረው። በሽታው ኑሯችንን ምን እንዳደረገው የሚጠይቅ መጠይቅ ይዛለች። የምትፈትነው ግን እኛን ሳይሆን መጠይቁን ነው። አንድ ሰው ዛሬ ይጠየቃል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ይጠየቃል። ሕመሙ ካልተለወጠ መልሱም መለወጥ የለበትም። ከተለወጠ ጥያቄው አያስተማምንም።

ይሄ ለእኔ ይነገራል? ዕድሜዬን ሙሉ የገበያ ሚዛን ስመረምር ለኖርኩት? ያንኑ የኪሎ ብረት ሁለቴ ታስቀምጫለሽ፤ መርፌው ሌላ ካሳየ ሚዛኑ ይታሸጋል። ብረቱ ግን መለወጥ የለበትም፤ እንዳይዝግ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚኖረው። እኔም ብረት ልሁን አልኩ። የመጀመሪያ ቀን መልሶቼን በቃሌ ያዝኩ። ኩራት ይመስለኛል።

«ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል? በጭራሽ፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ።»

«ብዙ ጊዜ» አልኩ። ያኔ እውነት ነበር።

በሳምንቱ አልጋዬን ወደ ታች አወረድኩ። አወረድኩ ማለቴ፣ ጎረቤታችን አናጢው አወረደልኝ። እኔ ትራሱን ብቻ ይዤ ደረጃው መሃል ተቀመጥኩ። «ጋሼ፣ አልጋው ነው ወይስ እርስዎ ነዎት የሚከብዱት?» አለኝ። ሳቅኩ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ አናጢው አልጋውን ጥሎ ወደ እኔ ሮጠ። ይህን አልነገርኩሽም። አሁን የምተኛው ሳሎን ነው። ያንቺን ክፍል ካየሁ ሰነበትኩ። ዝናብ ሲጥል ከላይ የሚንጠባጠብ ነገር እሰማለሁ። መስማት ብቻ።

ሁለተኛው ቀን። ያቺው ጠያቂ፣ ያው ጥያቄ። «ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

አልወጣማ! የማይወጣ ሰው ምን ይበል? እንደ ቃሉ ከሄድን እውነቱ «በጭራሽ» ነው። ያን ብል ደግሞ የተሻለኝ እመስላለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው የዳማ ጓደኛዬ፣ ጡረተኛው ሾፌር፣ ጆሮው አያርፍም፤ «ምን ያስጨንቅሃል? የቆመ መኪና ሞተሩ አይግልም። በጭራሽ በላትና ተገላገል» አለኝ።

«አንተ ምን አልክ?»

«እኔማ ያለፈውን መቼ አስታውሼው! ደስ ያለኝን ነዋ።»

«አባባ፣ መመካከር የለም» አለች ጠያቂዋ፣ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ።

«ብዙ ጊዜ» አልኳት። ያንኑ።

«ካለፈው ወዲህ ጤናዎ ተለውጧል?»

«ያው ነኝ።»

ዛሬ ጠዋት ስሄድ እየሳቀች ተቀበለችኝ። «አባባ፣ ከሁሉም ሰው የእርስዎ መልስ ነው የገጠመው። አንዲት እንኳ አልተዛነፈችም!»

ተመረቅኩ በይ። ደረጃው ቀርቶ፣ አልጋው ወርዶ፣ መልሴ አልተዛነፈም።

«አውጪኝ» አልኳት።

«ከምን?»

«ከጥናትሽ። እኔ ያው አይደለሁም።» ስለ አልጋው ነገርኳት።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጋዎ የት ነው ብለሽ መቼ ጠየቅሽኝ?» ጮህኩባት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ልጅቷ ምን በደለች? ውሃ አመጣችልኝ። «እንዲህ የሚል ጥያቄ የለኝማ» አለች ቀስ ብላ፣ ስሜንም ሰረዘች።

አውቶቡስ ውስጥ ንዴቴ ከእሷ ላይ ወርዶ እኔ ላይ ተሳፈረ። እሁድ እሁድ «አባዬ፣ ትንፋሽህ እንዴት ነው?» ትይኛለሽ። «ደህና ነው» እልሻለሁ። ውሸት አይደለም። ከወንበር እስከ አልጋ ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ገበያ መሄድ ተውኩ፤ ገበያ አያደክመኝም። ከሾፌሩ ጋር ዳማ ስጫወት መከራከር ተውኩ፤ ክርክር አያስለኝም። አንድ ነገር በተውኩ ቁጥር ደህንነቴ ይጨምራል። በዚሁ ከቀጠልኩ አንድ ቀን ምንም የማያመኝ ሰው ሆኜ... ይቅር፣ ይህን ቀልድ አልጨርሰውም።

ስለዚህ በቃሌ አትወስኚ። ሚዛኑን አላምነውም። ያለውን ብቻ ልጻፍልሽ። ፊቴን ቆሜ እታጠባለሁ። ጫማዬን አናጢው ያስርልኛል። የምተኛው ተደግፌ፣ ቁጭ እንዳልኩ ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እያረፍኩ ነው፤ ጽሑፌ የተንጋደደበት ቦታ ላይ እንዳረፍኩ ታውቂያለሽ።

ሥራሽን እንደምትወጂው አውቃለሁ። ለእሱ የከፈልሽውንም አይቻለሁ። በሁለቱ ደብዳቤዎቼ «ፈርሚ» ብዬሽ ነበር። ያን ቃል አንስቼዋለሁ። በቦታው ምን እንደማስቀምጥ ግን አላውቅም፤ አባት ነኝ፣ ሌላኛው ቃል ከአፌ አይወጣም።

የረገጥሽው ይለምልም። ክፉ አይይሽ። እጅሽ የያዘው ይባረክ፣ የፈረመውም፣ ያልፈረመውም።

አባትሽ