ያልላላች ቃል

ዓርብ

ላኩት። በአፌ ሳይሆን በእጄ ጽፌ ላኩት። ከዛሬ ጀምሮ ድምፅ ቀድቼ የምልክ ሰው አይደለሁም፤ ድምፅማ በቀቀንም አለው። የማታ የፊደል ትምህርቱን ባለፈው ሳምንት ጨርሻለሁ። ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። አራት ነበርን፣ አንዱ አቋርጧል። ያ አይነገርም።

የመጀመሪያው ጽሑፌ ለመኮንን ሆነ። የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ነው፤ ቶርንክሊፍ የሚባል ሰፈር ብቻውን ይኖራል። ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው የሚላክለትን ሁሉ ስልኩ ነው ጮክ ብሎ የሚያነብለት። ጠዋት በድምፅ፣ «ሐሙስ ዓይኔን ኦፕሬሽን ያደርጉኛል። ይዞህ የሚሄድ ሰው ከሌለ አንሠራህም ብለዋል። ትመጣለህ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ?» ብሎኝ ነበር።

ያሰብኩት «አዎ፣ ሐሙስ እመጣለሁ» ብዬ ልጽፍ ነበር። ግን ይሄ ስልክ አንድ ቃል ስጽፍ ሦስት ቃል ይደረድርልኛል፣ ምረጥ እያለ። «አይዞህ» ብዬ ስጀምር «ወንድሜ» አለኝ። ነካሁት። «ገና» አለኝ። ነካሁት። ስነካካ ይህ ወጣ፦

አይዞህ ወንድሜ ገና መጥቼ አስቅሃለሁ

ደስ ሲል። እኔ ራሴ እንዲህ አማርኛ አላውቅም።

ቅዳሜ

መልስ የለም። ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆነዋል፣ ሰምቶታል ማለት ነው። መኮንን እኮ ሲያስነጥሰው እንኳ ድምፁን ቀድቶ የሚልክልኝ ሰው ነው። በጽሑፌ ተደንቆ ቃል አጥቶ ይሆናል።

ዛሬ ያነበብኩት፦ የሱቁ በር ላይ «አዲስ በርበሬ ገብቷል»። የቤተ ክርስቲያኑ ካሌንደር፣ እስከ ጳጉሜ። የራሴ ጽሑፍ፣ አሥራ አንድ ጊዜ።

እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ አውቶብስ ላይ ሸለብ አደረገኝ። ሸለቆው ጉም ሞልቶት ፎቆቹ ከወገብ በላይ ብቻ ይታዩ ነበር፤ ሰፈሬ ፍሌሚንግደን መልሕቋ ተፈትቶ ቀስ እያለች የምትሄድ ትመስላለች። በሕልሜ መኮንን ፊት ቆሜያለሁ። አፌን ስከፍት ድምፅ አይወጣም፤ ሦስት ሦስት ቃል አየር ላይ እየተንሳፈፈ ይወጣል። የምፈልገው ቃል ከሦስቱ ውስጥ የለም። መኮንን በእጁ እየዳበሰ ይጠብቃል።

ስነቃ ፌርማታዬ አልፏል።

ሰኞ

መለሰ። በድምፅ ነው፣ አጭር።

«እግዜር ይስጥልኝ። እስከዚያው ደህና ያቆይዎት።»

ያቆይዎት? ሠላሳ ዓመት አንተ ያለኝ ሰው አንቱ አለኝ። ስልኩ ተሳስቶ እንዳይሆን ደግሜ ሰማሁት። ድምፁ የራሱ ነው። እስከዚያው የሚለውስ እስከ መቼ ነው?

ማክሰኞ

ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አላነሳም። ሥራ ቦታ፣ ፓርኪንጉ ዳስ ውስጥ፣ መኪና የሚገባና የሚወጣውን ትቼ ስልኬን ሳይ ዋልኩ። አምስት ጊዜ ጽፌ አምስት ጊዜ አጠፋሁ። «ይቅርታ» ብዬ ስጀምር ስልኩ «ወንድሜ» ይለኛል። ወንድሜማ መሆኑን አላጣሁትም።

ድሮ መኮንን ዝም ሲለኝ ቤቱ ሄጄ በር እመታ ነበር። አሁን ቁጭ ብዬ ምልክት አያለሁ። ይሄም ከመማር መጣ።

ረቡዕ

ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። በሩን ከፍቶ፣ «ገና ደረሰ እንዴ?» አለኝ። ገናን እንደ በዓሉ አጥብቆ።

«የምን ገና?»

«እስቲ ያድምጡ» አለና ስልኩን ዘረጋልኝ። «ጸሐፊው እርስዎ ነዎት።»

ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ አነበበች። ድምጿ እንደ መስታወት ልስልስ ያለ ነው፣ ትንፋሽ የለውም። «ገና» ላይ ስትደርስ ና-ዋን ረገጠቻት። በእሷ አፍ በዓሉ ሆነች። ሐሙስ ውሰደኝ ላለኝ ሰው፣ ገና መጥቼ አስቅሃለሁ ብዬዋለሁ።

መምህርታችን ነግራን ነበር። «ጋሼ፣ ፊደሉ አንድ ነው፤ መጥበቅ መላላቱን የሚያውቀው አፍ ነው» ብላኝ ነበር። እኔ ያኔ ክፍሉን እያሳቅኩ ነበርኩ።

«አንተ ደንቆሮ» አልኩት፣ «አላልቼ ነው የጻፍኳት።»

«ላልታ ትጻፋለች?»

አንደኛ የወጣው ተማሪ ስልኩን ተቀብሎ ፊደሏን ደግሞ አያት።

«ነገ ማለዳ ደውዬ ላሰርዘው ነበር» አለ። «ሰው የለኝም ልላቸው።» ይህን ሲል አልቀለደም።

«ሐሙስ» አልኩት፣ በአፌ። «አንድ ሰዓት ላይ በርህ ላይ ነኝ።»

በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። «ግባ እንጂ፣ በር ይዘህ ቆመሃል።»

ግባ አለኝ። አንተ ተመለሰች።

ሐሙስ

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። አሥር ጉዳይ ላይ፣ ይመዝገብልኝ።

ቀኝ ዓይኑን ሠሩለት። ማየቱ ፋሻው ነገ ሲነሳ ነው የሚታወቀው። አሁን ቤቱ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል። መስኮቱ ላይ ጉም አለ፤ ፎቁ ዛሬም ተንሳፍፏል።

«ምን ትሞነጫጭራለህ?» አለኝ።

«አንተን።»

«አንብብልኝ። ሴትዮዋ እንዳትነካው።»

ከዓርብ ጀመርኩለት። ጣቴን እያስኬድኩ፣ ቀስ እያልኩ አነበብኩ። በቀቀኑ ላይ ሳቀ። ከዚያ ያቺ ቃል ላይ ደረስኩና ቆምኩ።

«አላላት» አለኝ።

አላላኋት።