ቢጫ ሻሽ ያሰሩት ሴትዮ

ላፍቶ፣ ኅዳር 1988

ሚሳኤል ወንድሜ፣

አጎታችን ጋሽ ገሠሠ ሳሎናቸውን በድሮ ካርታና በዕፅዋት ሥዕል ሞልተውታል። መሀል ላይ ግን አንድ ወጣት ሠዓሊ የሠራው፣ ቢጫ ሻሽ ያሰሩ ሴትዮ ትልቅ ሥዕል አለ። እኛ ደሴ ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ሟችና ተመራቂ አይደል? ባርኔጣዬን አውልቄ «ነፍስ ይማር! መቼ አረፉ?» አልኳቸው። ወዲያው ሴትዮዋ ራሳቸው፣ በዚያው ቢጫ ሻሽ፣ ጎመን ይዘው ከች! ለካ ጎረቤት ናቸው። «ቀበርከኝ እንዴ ልጄ?» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ጋሼም «ያሠራሁት እኮ በሕይወት እያሉ እንዲያዩት ነው» አሉኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እማማን ሰላም በልልኝ። ለክፉ ቀን ብለህ ሣጥን ውስጥ ያኖርከውን ትልቁን ፎቷቸውን ዛሬውኑ ስቀለው፤ ራሳቸው ይዩት።

ራጉኤል