መርዷቸውን ራሳቸው ያስነገሩት ወይዘሮ ፈትለወርቅ ተሰማ

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ተሰማ ከአባታቸው ከአቶ ተሰማ ወልዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተናኘወርቅ ደምሴ በ1941 ዓ.ም. በናዝሬት ከተማ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ደብረ ዘይት በመሄድ የልብስ ስፌት ሙያ ሠለጠኑ። በ1962 ዓ.ም. የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ናቪጌተር ከነበሩት ከሻምበል ገብረመድኅን አየለ ጋር በተክሊል ተጋብተው ልጆቻቸውን ኢትዮጵያንና ሳሙኤልን ወለዱ።

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ሻምበል ያሉበት ለኦጋዴን ግዳጅ የወጣው አውሮፕላን ሳይመለስ ቀረ። ከውስጡ የአንድም ሰው አስከሬን አልተገኘም፤ ለቤተሰብ የተነገረው “ጠፍተዋል” የሚል ቃል ብቻ ነበር። በዚያ ክረምት በመኮንኖች ሰፈር ጥቁር የለበሰ ጎረቤት በዛ። እኔ ታናሽ ወንድማቸውና ዘመዶቻችን ጎህ ሲቀድ መርዶ ልንነግር ብንሄድ እሳቸው በር ላይ ቆመው “ሬሳውን ያየ ይግባ፤ ያላየ ወደ ቤቱ ይመለስ” አሉን። አባታችን ሳይቀሩ ተመለስን።

ጥቁር አልለበሱም። ሰው ጨካኝ ናት ብሎ አማቸው፤ እሳቸው ግን ለሐሜት አንገታቸውን የሚደፉ ሴት አልነበሩም። ልብስ እየሰፉ ልጆቻቸውን አስተማሩ። የከፋው ሌላ ነበር፤ ሳሙኤል ሰው ስለ አባቱ ሲጠይቀው “መንገድ ላይ ነው” እያለ አደገ።

እ.ኤ.አ. በ1990 ከልጆቻቸው ጋር ካናዳ፣ ካልጋሪ ገብተው በፔንብሩክ ሜዶውስ ሰፈር ተቀመጡ፤ በአረጋውያን መጦሪያም ተቀጠሩ። እዚያ እሳቸው የሚንከባከቧቸው ሚስስ ዶሪስ የሚባሉ አሮጊት ባላቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በከባድ ቦምብ ጣይ ወጥተው የቀሩባቸው ናቸው። በኖቬምበር 1995 የወታደሮች መታሰቢያ ዕለት ሚስስ ዶሪስን በዊልቸር እየገፉ ወሰዷቸው። አሮጊቷ መቃብር የሌላቸውን ባላቸውን ከሃምሳ ዓመት በኋላ በስም ጠርተው ሲያለቅሱ እህቴ ቆመው አዩ። በማግሥቱ እዚያው ካልጋሪ ለነበርኩት ለእኔ ደወሉልኝ። “ፀጋዬ፣ ቅዳሜ ሺፍት የለኝም። በጠዋት ሽማግሌ ይዘህ ና፤ መርዶዬን ንገሩኝ።”

መርዶ ነጋሪ ተጠርቶ ሲሄድ ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌው ጋሽ መልከጼዴቅ ከኦኮቶክስ ከተማ በዚያ በረዶ እየነዱ መጡ። ስንደርስ በሩ ተከፍቷል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስጀምር “ጮክ በል፣ ልጆቼ ይስሙ” አሉኝ። ተናገርኩ። የአሥራ ስምንት ዓመቱን ለቅሶ ያን ዕለት አለቀሱት። የሃያ አንድ ዓመቱ ሳሙኤልም “አባቴ ሞቷል” ሲል የዚያን ቀን ነው የሰማሁት።

ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሰው፣ ተዝካር አውጥተው፣ ልብሳቸውን ቀየሩ። ከዚያ በኋላ ቤታቸው ውስጥ የሻምበል ስም እንደማንኛውም አባት ስም ይነሳ ጀመር።

ባደረባቸው የጡት ካንሰር ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማርች 14 ቀን 1998 በተወለዱ በ49 ዓመታቸው ዐረፉ። ሐኪም ተስፋ በቆረጠ ጊዜ እንኳ ያዘዙት አንድ ነገር ነበር፤ በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ የሻምበል ገብረመድኅን ስም ከስማቸው በላይ እንዲጻፍ። ተጽፏል።

የአንድ ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ እናት ነበሩ። ዛሬ የምንቀብረው አስከሬን አንድ ነው፤ ስማቸውን ጠርተን የምናለቅሰው ግን ለሁለቱም ነው። ለልጆቻቸው መጽናናትን ያድልልን። እሳቸውንም፣ ባለቤታቸው ቀድመው ከገቡበት ቤት ጌታ በሩን ከፍቶ ይቀበልልን።

ታናሽ ወንድማቸው ፀጋዬ ተሰማ