ከአሥራ ስምንት ቀጥሎ ሃያ

ሰኔ 14 ቀን 1982 ዓ.ም.
አዋሳ

ለክቡር ጓድ ደምሴ
የንድፍና የካርታ ሥራ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከምልክት መግለጫ ላይ የጠፋ አንድ መስመር እንዲመለስ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ። እንቅልፍዎ የሞላ፣ ምግብዎ የሚስማማ፣ የደም ግፊትዎም እንደ ወትሮው በሐኪምዎ ቁጥጥር ሥር ያለ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የማስታወስ ችሎታዎ እንዲጠበቅልዎ አጥብቄ እጸልያለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ያለ እሱ ትርጉም የለውምና።

ደብዳቤውን በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ የለጠፍኩት ደፍሬ አይደለም። ባለፈው ሰኞ ስብሰባ ላይ በእርዳታ ስለ መጣልን ኮምፒዩተር አስተያየት ያለው ሠራተኛ ሁሉ ሳይፈራና ሳይሸማቀቅ በግልጽ ይጻፍ ብለው ስላዘዙ፣ እኔም ትእዛዝ መፈጸም የለመድኩ ሰው ስለሆንኩ ነው። ትእዛዝ እንዴት እንደምፈጽም ደግሞ ከእርስዎ የተሻለ ምስክር የለኝም።

በዚህ ኮሪደር የሚያልፉ፣ የሥራችንን ዓይነት የማያውቁ ጓዶችም ስላሉ ራሴን ላስተዋውቅ። ሙሉጌጥ ወልደጻድቅ እባላለሁ፤ በዚህ ክፍል ለአሥራ ሰባት ዓመት ፕላን በቀለም ስስል የኖርኩ ነኝ። በየፕላኑ ቀኝ ጥግ የምትቀመጠው፣ እኛ ሌጀንድ የምንላት የምልክት መግለጫ ሰንጠረዥ የእኔ ኃላፊነት ናት። ዛፉ፣ የውኃ ቧንቧው፣ የስልክ እንጨቱ በምን ምልክት እንደሚታይ የምትናገር እሷ ናት። ሕጓም አጭር ነው፤ በፕላኑ ላይ ያለ ምልክት ሁሉ በመግለጫው ውስጥ ስም ሊኖረው ይገባል። ስም የሌለው ምልክት ያለበትን ፕላን የፈረመ ኃላፊ ምን እንደፈረመ አያውቅም ይባላል፤ እርስዎን ግን በዚህ ማንም አይጠረጥርዎትም።

አቤቱታዬን ከማቅረቤ በፊት ስለ አንድ ውለታዎ ማመስገን ይኖርብኛል። ለኮምፒዩተሩ ያዘጋጀሁትን፣ በየፕላኑ ላይ ሰሜን ወዴት እንደሆነ የሚያሳየውን የሰሜን ቀስት በሠራተኛው ፊት አድንቀው፣ ከእንግዲህ በሚወጣ ፕላን ሁሉ ላይ ያለ ምንም ለውጥ እንዲገባ በማኅተም አጽድቀውልኛል። በአሥራ ሰባት ዓመት ያገኘሁት ምስጋና ይህ ብቻ ስለሆነ በጥንቃቄ ይዤዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

1ኛ. በሰኔ 8 ቀን በበተኑት ሰርኩላር፣ በመግለጫችን ውስጥ ከአሥራ ስምንት ቀጥሎ ሃያ መጻፉ የአሠራር ጉድለት ስለሆነ በኮምፒዩተሩ እንዲታረም፣ በሃያ ቁጥር የነበረው የቆሻሻ ማጠራቀሚያም ወደ አሥራ ዘጠኝ ከፍ እንዲል አዘዋል። ቆሻሻውን ስለ እድገቱ እንኳን ደስ ያለህ ብያለሁ። ከእኛ በኋላ የተቀጠሩ ልጆች አሥራ ዘጠኝ ለምን እንደሚዘለል አያውቁም። ገና ሲገቡ አሥራ ዘጠኝ አይነካም ይባላሉ፤ እነሱም የመንግሥት ደንብ መስሏቸው አይነኩም። አንዱማ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ እዚያም አሥራ ዘጠኝን ዘሎ ቢጽፍ፣ መቁጠር የማይችል ተብሎ ተገሥጿል አሉ። ይህን ልማድ ያስተማርኳቸው እኔ ስለሆንኩ፣ ምክንያቱንም የመናገር ግዴታ አለብኝ።

2ኛ. በኅዳር 1970 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜ ፍቅሬ በዚህ ክፍል ቀያሽ ነበር። በምሥራቅ በኩል ያለውን ቦታ ቁጥር ሰባትን ለክቶ እንዲመጣ ተላከ። ባዶ መስክ ነበር። ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ርቀው የማያውቁት፣ አባ ኮዳ የምንላቸው ጥንብ በል ወፎች በዚያ ሰሞን እዚያ ቆመው መዋላቸው እንደገረመው ማታ ነግሮኝ፣ እኔም ገርሞኝ፣ ሁለታችንም እራት በላን። በማግሥቱ የመስክ ደብተሩን ሲሰጠኝ፣ በቅርቡ የተደፈኑ ሦስት ጉድጓዶች አግኝቶ ከድንበር ችካሉ ያላቸውን ርቀት በሜትር አስፍሮ ነበር። በመግለጫው ውስጥ ለእንዲህ ያለ ነገር ምልክት ስላልነበረን፣ መሐሉ መስቀለኛ መስመር ያለበት ትንሽ ክብ ሣልን፤ እኔም በመግለጫው መጨረሻ ላይ «19. አዲስ የተደፈነ ጉድጓድ» ብዬ በቆንጆ ጽሕፈት ጻፍኩ። ሃያኛው መስመር በማግሥቱ ተጨመረ።

የምን ጉድጓድ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። ሞኞች ነበርን እንዳይሉን፤ ያ ዘመን ዓይን ያየውን አፍ የማያወራበት መሆኑን እንደ ማንም እናውቅ ነበር። ነገር ግን ቀያሽ ያየውን ይመዘግባል፣ ንድፍ ሠራተኛ የተመዘገበውን ይሥላል፤ ፕላን ወሬ አይመስለንም ነበር። ስሕተታችን ይኸው ነው፤ ሂስና ግለ ሂስ በሚደረግበት ቀን ሊቆጠርብኝ ይችላል።

3ኛ. ሐሙስ ዕለት ሰባት ኮፒ ወጣ። ቅዳሜ ፍቅሬን ፒያሳ ላይ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሳለ ወሰዱት፤ የመለኪያ ሜትሩን የሻይ ቤቱ ባለቤት መልሶልናል። ሰኞ ጠዋት እርስዎ ወደ ንድፍ ክፍል መጡ። ያኔ ኃላፊያችን አልነበሩም፤ ሽጉጥ የታጠቁ ካድሬ ነበሩ። በጣም በትሕትና እንዳነጋገሩኝ ዛሬም ድረስ አልረሳም፤ እህቴ ብለውኛል። የፕላኑን ኦሪጅናል አስዘረጉኝ፣ ምላጭ አስያዙኝ፣ ከዚያም የመግለጫውን መስመር እንድፍቅ አዘው፣ «ክቦቹንም አራቱንም ፋቂያቸው» አሉኝ።

በፕላኑ ላይ የነበሩት ክቦች ሦስት ናቸው።

ደግሜ ቆጠርኩ። ሦስት። የተሳሳቱ መስሎኝ፣ በሌላ ሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ ዝም አልኩ። ሦስቱን ፋቅኩ፤ አሥራ ዘጠነኛውን መስመር ፋቅኩ፤ ቁጥሮቹን አስተካክዬ እንድጽፍ ግን ስላላዘዙኝ ሃያን ሃያ እንደሆነ ተውኩት። እንዲያ ሳደርግ ወንድሜ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም ነበር። እርስዎ ያውቁ ነበር።

4ኛ. በወረቀት የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዚያ በስሱ ወረቀት ላይ ቀለም በምላጭ ሲፋቅ ጠባሳ ይቀራል። ቀለሙ ይለቃል እንጂ ወረቀቱ እንደ ነበረ አይሆንም። ስለዚህ ያ ኦሪጅናል በአሞንያ ማተሚያው ባለፈ ቁጥር፣ በየኮፒው ላይ ከአሥራ ስምንት በታች አንድ ግራጫ ጥላ ይወጣል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እርጥብ ኮፒ ከማሽኑ ስስብ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። አንዳንዴ ጥላው ይደምቅና ፊደሎቹ የሚነበቡ ይመስለኛል፤ ኮፒውን ገልብጬ አስቀምጥና ወጥቼ ግቢው ውስጥ እቆማለሁ። ሰዎች የአሞንያው ሽታ አስለቀሳት ይላሉ፤ ለዚህም አሞንያውን አመሰግናለሁ።

5ኛ. በ1971 ዓ.ም. ቦታ ቁጥር ሰባት እንደገና ሲለካ የሄደው ቀያሽ ገብረየስ ነበር። ገብረየስ ጠንቃቃ ሰው ስለሆነ አዲስ ምልክት አልጠየቀኝም። የመስክ ደብተሩን ከፍቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና ውኃ ልጠጣ ብሎ ወጣ፤ ውኃ ለመጠጣት ያን ያህል የቆየ ሰው አይቼ አላውቅም። በደብተሩ ላይ በእርሳስ የተሣሉ አራት ክቦች ነበሩ። ሦስቱ ፍቅሬ የለካቸው ናቸው። አራተኛው ለብቻው ነው፤ ከምሥራቁ ችካል አሥራ ሁለት ሜትር።

ክቡር ሆይ፣ የዚያን ዕለት ነው የእርስዎን ቁጥር የተረዳሁት። እርስዎ አልተሳሳቱም ነበር። ፕላኑ ነበር አንድ የጎደለው።

6ኛ. እናቴ ወይዘሮ ገበያነሽ ሰባ አንድ ዓመት ሆኗታል። ስንቅ ይዛ ስትመላለስ መጀመሪያ ታስሯል፣ ቀጥሎ ተዛውሯል፣ በመጨረሻም ከእንግዲህ አይምጡ ተብላለች። ሞቷል ያላት የለም። መርዶ ያልተነገረው ሰው አያለቅስም፤ ስለዚህ አላለቀሰችም። ጥቁር አልለበሰችም። ፀሐይ ስትጠልቅ ፍቅሬ መጥቶ ደጃፉ ላይ ይቆማል ትለኛለች፤ ለምን አይገባም ስላት ጫማው ጭቃ ስለሆነ ቤት እንዳያበላሽ ነው ትላለች። እሱ ጨዋ ልጅ ነው ትላለች። በየቅዳሜው የመስክ ቦት ጫማውን አጥባ ደጅ ላይ ታሰጣለች። አሥራ ሁለት ዓመት ነው የምታጥበው፤ ጎማው ነጥቷል። እኔ የት እንዳለ በሜትር እያወቅኩ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ውኃ አፈስላታለሁ። ከእርስዎ የተማርኩት ዝምታ ይህን ያህል ጠንካራ ነው፤ አፈርኩበት እንጂ አልሰበርኩትም።

7ኛ. ሰኔ 25 ቀን በቦታ ቁጥር ሰባት ላይ የሠራተኞች ክበብ መሠረት ይቆፈራል። ፕላኑን የሣልኩት እኔ ነኝ። የመረብ ኳስ ሜዳው አንደኛው ምሰሶ ከምሥራቁ ችካል አሥራ ሁለት ሜትር ላይ ያርፋል። ሁለት ጊዜ አዛውሬው፣ ሁለት ጊዜም በቀይ እስክሪብቶ ወደ ቦታው መልሰውታል። ለስፖርት ያለዎትን ፍቅር አደንቃለሁ።

8ኛ. ወደ ኮምፒዩተሩ የተገለበጡት ኦሪጅናሎች በዚያው ሳምንት እንዲቃጠሉ ታዟል። ማሽኑን አልጠላውም። አንድ ምልክት አንዴ ይሠራል፣ ስም ይሰጠዋል፣ በመቶ ፕላን ላይ ይገባል፤ ከዝርዝሩ ሲሰረዝም ከመቶውም ላይ አንድ ጊዜ ይጠፋል። ምላጭ የለም፣ ጠባሳ የለም፣ ጥላ የለም። በኅዳር 1970 ቢኖርዎት ኖሮ እጄን ባላስቸገሩ ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ያ ጥላ አሥራ ሁለት ዓመት ያሰቃየኝ ቢሆንም፣ ከወንድሜ በዚህች ከተማ የቀረው ጽሑፍ እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምለምነው አንድ መስመር ነው። ፍርድ አልጠየቅኩም፣ ስም አልጠየቅኩም፣ ማን ቆፈረ አላልኩም። ቆሻሻው ወደ ሃያ ይመለስና በአሥራ ዘጠኝ ቁጥር «የተደፈነ ጉድጓድ» ተብሎ ይጻፍ፤ አራቱ ክቦችም በቦታቸው ይግቡ፤ ቁፋሮውም ይቁም። አዲስ የሚለውን ቃል ከዘመኑ ርዝመት የተነሣ እኔ ራሴ ትቼዋለሁ።

ፈቃድዎን ባገኝም ባላገኝም በመጪው እሑድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ለእናቴ መርዶ እነግራታለሁ። ድንኳኑ የሚተከለው በቦታ ቁጥር ሰባት፣ ከምሥራቁ ችካል አጠገብ ነው። ለቅሶ እንዲደርሱ በአክብሮት እጋብዝዎታለሁ፤ ማንም ሳይለካው ቦታውን ያውቁት ስለነበር መንገድ የሚያሳይ ሰው አልላክሁም።

ትእዛዝዎን አክባሪ፣ ቁጥርዎን ዘግይታ ያመነች፣ በምላጭም በቀለምም ያገለገለችዎ፣ በእርስዎ አንደበት እህትዎ፣

ሙሉጌጥ ወልደጻድቅ
(የማይነበብ ፊርማ የለኝም)

ግልባጭ፦
ለቀያሽ ገብረየስ፣ ውኃ ጠጥቶ ሲመለስ
ለመዝገብ ቤት፣ ከመቃጠሉ በፊት
ለወይዘሮ ገበያነሽ፣ ፊደል ስለማትለይ በቃል የሚነገር

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንድ ነገር ሳልናዘዝ ቀርቻለሁ። የኮምፒዩተሩ አሠልጣኝ እንዳስተማሩን፣ በሥራ ላይ ባለ ሌላ ምልክት ውስጥ የገባን ምልክት ማሽኑ አልሰርዝም ይላል፤ መጀመሪያ ያቀፈው ምልክት ከፕላኑ ሁሉ መጥፋት አለበት። ያደነቁትን የሰሜን ቀስት እባክዎ በማጉያ መነጽር ይመልከቱት። ከእግሩ ሥር አራት ጥቃቅን ክቦች አሉ፤ አራተኛው ለብቻው ነው። እስከ ትናንት ድረስ በአርባ ሦስት ፕላኖች ላይ ከጎናቸው ፈርመዋል። እነሱን ለማጥፋት አዋሳን ያለ ሰሜን ማስቀረት ይኖርብዎታል። የክቦቹን ትርጉም በመግለጫው ውስጥ አልጻፍኩም፤ የሙያዬን ሕግ የጣስኩት በዚህ ብቻ ነው። ፕላኑ በየዕለቱ ለፊርማ የሚቀርበው ለእርስዎ ስለሆነ፣ እርስዎ ደግሞ መግለጫ አያስፈልግዎትም ብዬ ነው።