ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ የሚመጣው መቀቀያ

ለከተማው የጤና ተቋማት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኔ 11

ጉዳዩ፦ ከገበያው በስተጀርባ ያለው የግል ሐኪም ክሊኒክ ቀጠሮ ሳይሰጠው እንዲፈተሽ፣ እስከዚያውም የቀዶ ጥገና ክፍሉ እንዲታሸግ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህን አቤቱታ ለክቡርነትዎ የማቀርበው ሰው ሊሞት ስለሆነ ነው። ሐኪሙ ሟች፣ ታናሽ ወንድሜ ገዳይ እንዳይሆኑ አንድ ጊዜ በመካከላቸው ቆሜያለሁ፤ ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ዕድሜ ልኩን በር ላይ ቆሞ አይኖርም። ጽሕፈቴ የተንጋደደው የቀኝ ትከሻዬ ተሰብሮ በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። ዕድሜዬን ልጆችን ፊደል ሳስቆጥር የኖርሁ ሰው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለሹም መላኬን እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

1. የወንድሜ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪና መርፌ ቀኝ አውራ ጣቷን ወግቷት ስላመረቀዘ ወደተጠቀሰው ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሙ በስለት ከፍቶ መግሉን አፈሰሰና "ሰሞኑን ትሰፊያለሽ፣ ምንም የለብሽም" ብሎ ሸኛት። ሳምንት ሳይሞላ እጇ ጠቁሮ አበጠ፤ ሽታው ከደጅ ይሰማ ነበር። በትልቁ ሆስፒታል ከክርኗ በታች ቆረጡት። የቆረጡላት ሐኪም እኔን ለብቻዬ ጠርተው "ይህ ጣት በንጹሕ መሣሪያ አልተከፈተም" አሉኝ።

2. ወንድሜ ብረት በያጅ ነው። የእጇ መቆረጥ ሥራ ላይ ሳለ ቢነገረው፣ መነጽሩን ከግንባሩ ሳያወርድ ለበር መቀርቀሪያ የቆረጠውን ብረት ይዞ ወጣ። ሮጬ ስደርስ የክሊኒኩ መስታወት ረግፏል፤ ሕመምተኞች በመስኮት ይዘላሉ፤ ዘበኛው ወለል ላይ ተቀምጦ ጥርሱን መዳፉ ላይ ይተፋል። ሐኪሙ ከመሣሪያ ጠረጴዛው ሥር ተሸጉጦ "ተው! የልጆች አባት ነኝ!" ይላል። ወንድሜም "እሷስ የማን እናት መሰለችህ? የድንጋይ?" እያለ ብረቱን አነሣ። እኔ ገባሁበት። ለሐኪሙ ራስ የታሰበው ምት እኔ ትከሻ ላይ ዐረፈ፤ የአጥንቱን ድምፅ ሦስታችንም ሰማነው። ወንድሜ ብረቱን ጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ይህንን የምጽፈው የእናቴን ልጅ ልሸሽግ ስላልፈለግሁ ነው። ባጠፋው ሕግ ይጠይቀው። ነገር ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉና ሥሩም ይታይ።

3. ሐኪሙ ነፍሱ መለስ ሲል "ያዳኑኝ እርስዎ ነዎት፣ አባቴ፤ ይቀመጡ፣ ቆዳዎ ተተርትሯል፣ ልስፋልዎ" ብሎ ከሳህን ውስጥ መቀስና መርፌ አወጣ። የሳህኑ ውኃ የዛገ ቧንቧ ያፈሰሰው ይመስላል። በመቀሱ አፍ ላይ የሌላ ሰው ደም ደርቋል፤ በደሙም ላይ ፀጉር ተጣብቋል። "ይህ የሚቀቀለው የት ነው?" ብዬ ብጠይቀው "ማሽኑ ከተበላሸ ቆይቷል፤ በአልኮል እናብሰዋለን" አለኝ። ቁስሌን በኮቴ እጅጌ አፍኜ ወጣሁ። የወንድሜ ብረት ከእርሱ መቀስ ይልቅ ንጹሕ ነበር።

4. በዚያው ሰሞን ለጽሕፈት ቤትዎ አመለከትሁ፤ ተቆጣጣሪዎችም ተላኩ። ስለመላካቸው አመሰግናለሁ። ሆኖም ከእነርሱ ቀድሞ ጠዋት የደረሰው "ቶሎ ቶሎ" እያልን የምንጠራው ጋሪ ገፊ ነበር። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የሕክምና መሣሪያ መቀቀያ ማሽን ከማዶው ጥርስ ሐኪም ዘንድ ጭኖ መጣ። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው እየሳቀ እንዲህ አለ፦ "ጋሼ፣ ይቺ ማሽን እኮ ሰፈሩን ከኔ በላይ ዞራዋለች። ነገ ተቆጣጣሪ አለ ከተባለ ለኔ ሥራ አለ። እነሱ ሲወጡ መልሼ እወስዳታለሁ፤ ጥርስ ሐኪሙም የሚፈተሽበትን ተራ ይጠብቃል።"

ይህንኑ ለተቆጣጣሪዎቹ አለቃ እዚያው በር ላይ ነገርሁት። "አባቴ፣ እኛ የምናየው መሣሪያው መኖሩን ነው፤ የማን መሆኑን አይደለም" አለኝ። ዘበኛው "ወንድምህ ጥርሴን አወለቀ፣ አንተ ደግሞ እንጀራዬን ልታሳጣኝ ነው?" ብሎ የተሰበረ ትከሻዬን ገፈተረኝ። ደረጃው ላይ ወደቅሁ። አለቃውም በላዬ ተራምዶ ወደ መኪናው ገባ። በሩ ላይ "ብቁ" የሚል ወረቀት ተለጠፈ፤ መቀቀያው ከሰዓት በኋላ በጋሪ ተመለሰ።

ክቡር ሆይ፣ ሌባን ሊይዝ የሚሄድ ዳኛ "ነገ እመጣለሁ፣ ተዘጋጅ" ብሎ መልእክተኛ ይልካልን? ወንድሜ በንዴት አንድ አጥንት ሰበረ። አስቀድሞ ቀጠሮ የሚሰጠው የቢሮ እጅ ግን ስንት እጅ እንደሚያስቆርጥ ማን ያውቃል?

ስለዚህ ክሊኒኩ ሕመምተኛ በሞላበት ሰዓት፣ ማንም ሳይነግረው፣ በክቡርነትዎ ትእዛዝ እንዲፈተሽ፤ እስከዚያ ድረስ ስለት የሚያዝበት ክፍል እንዲታሸግ፤ የፍተሻውን ቀን አስቀድሞ የሚያወራው ሰውም ማን እንደሆነ እንዲጠየቅ አመለክታለሁ። ለእጇ ካሣ አልጠየቅሁም። እርሷም የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "እጄስ አንዴ ሄደ፤ ባሌን ደግሞ በዚያ ሰውዬ አልጣ።"

ከአክብሮት፣ ከስጋትና ከሰላምታ ጋር

(በግራ እጅ የተፈረመ)
የብረት በያጁ ታላቅ ወንድም፣ ጡረተኛ የፊደል መምህር

ከፊርማዬ በታች አንድ ነገር መጨመር ግዴታዬ ሆነ። "ብቁ" የሚለውን ወረቀት ወንድሜ አይቶታል። ዛሬ ጠዋት የትከሻዬን ፋሻ ሲቀይርልኝ እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ከዚህ በፊት ይንቀጠቀጥ ነበር። ፋሻውን አስሮ ሲጨርስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገረኝ ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ ይህ ነው፦

"ጋሼ፣ መልሱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ ብያለሁ፣ እጠብቃለሁ። ካልመጣ ግን ዳግመኛ መሀል እንዳትገባብኝ። ሁለተኛ አልስትም።"