እጇን ወደ ኋላ ያጣመረችው አሠልጣኝ

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል፣ ጨዋታው ግን አልቀነሰም።

የሆስፒታላችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል በጣት እየተነካ የሚታዘዝ ማሽን ገብቶለታል። ያልለመደ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል ተባለ። ልብስ ተኳሿ ጓደኛዬ፣ አፈኛ ብትሆንም ልቧ ፈሪ ነው፣ "በዚህ ዕድሜዬ ከብረት ጋር አልታገልም" ብላ ሥራ ልትለቅ ነበር።

ማሽኑን ልታለማምደን የመጣችው አሠልጣኝ ባንቺ ዕድሜ ናት። አንዴ አሳየችንና እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። ተኳሿ ለልምምድ የተሰጠንን አሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ በፈላ ውኃ እንዲያጥብ ማሽኑን አዘዘችው። ልጅቷ እያየች አልከለከለቻትም። ብርድ ልብሱ ተኮማትሮ የሕፃን መጠቅለያ አክሎ ወጣ። ሳቅን።

"እሺ እናቴ፣ አሁን ምን እንቀይር?" አለቻት አሠልጣኟ። እጇ አሁንም ከኋላዋ ነው። ተኳሿ ራሷ ሙቀቱን ቀነሰችው። ዛሬ እኔን የምታሳየኝ እሷ ናት።

አንቺ ስለ ስልኬ ስጠይቅሽ "አምጪው እማዬ" ብለሽ ትጨርሺልኝ ነበር። ደግነትሽ ነው። እኔ ግን እስካሁን ፎቶ መላክ አልችልም።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክልሽ። ስትመጪ ግን ስልኬን አትንኪብኝ፤ አጠገቤ ቁጭ በይልኝ።

እናትሽ