ዳክዬዎቼና የቪሊማይና አጥር

ሰኞ፣ ጁላይ 3
ሸንኮራው ደህና ነው። ሦስቱ ዳክዬዎቼ ግን ዛሬም በረው ጎረቤት ገቡ... ቪሊማይና ግቢ! ላሟ ሸንኮራዬን ከበላች ወዲህ ደጇን ላልረግጥ ምያለሁ። እሑድ ልጄን ኡርሚላን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ከሱቫ ይመጣሉ። የዳክዬ ወጥ ካላቀረብኩ ፊጂ በሙሉ አይስቅብኝም? ክንፋቸው ይቆረጣል። አለቀ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 4
ቆረጥኩ። ሚስቴ፣ "አንዱን ክንፍ ብቻ ቁረጥ፣ ሚዛን ይስታሉ" አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት የመራሁ ሰው ለአንድ ክንፍ ላዳላ? ሁለቱንም እኩል፣ በማስመሪያ! ላባ እንደ ጥፍር ነው፤ አያማቸውም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 5
በረሩ። እኩል በረሩ።
ቪሊማይና ከአጥሩ ማዶ፣ "መምህር፣ ፀጉር ቤት ወስደዋቸው ነው እንዴ? አምሮባቸዋል!" አለችና አሻግራ ሰጠችኝ። ምን ዓይነት ሴት ናት!
የቀኝ ክንፋቸውን ብቻ ይበልጥ አሳጠርኩት። የራሴ ሐሳብ ነው። ሚስቴ ለምን እንደሳቀች አልገባኝም።

ዓርብ፣ ጁላይ 7
አልበረሩም! በእግራቸው ሄዱ። በአጥሩ ቀዳዳ፣ ተሰልፈው...
"ምን አጡ?" አልኳት ሚስቴን።
"እህል! የኡርሚላ አባት፣ ለሦስት ዳክዬ በቀን አንድ ጭብጥ በቆሎ? እሷ እኮ ካሳቫና ኮኮናት ነው የምታበላቸው። ለራበው ክንፍ ምን ያደርግለታል፣ እግር አለው!"
የጠገበ ዳክዬ ይቀብጣል። ስንት ተማሪ በጥጋብ ሲበላሽ አይቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 8
"መምህር፣ መጥተው ይውሰዷቸው እንጂ!" ትላለች ቪሊማይና፤ እንደ ረቡዕ አላሻገረችልኝም። ምያለሁ እኮ... ኡርሚላ አለቀሰች። "አባባ፣ ከእኔና ከመሐላህ ማን ይበልጣል?" ግን አልሄድኩም።

እሑድ፣ ጁላይ 9
ሽማግሌዎቹ መጡ። ምስርና ሩዝ ቀረበ። ኡርሚላን የጠየቀው ልጅ አባት ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ። ያኔ ከአጥር ማዶ የቅመም ሽታ መጣ። ቪሊማይና፣ "ወጡ ደርሷል፣ ኑ!" ብላ ተጣራች። ሚስቴ አልደነገጠችም። ለካ ተመካክረው ኖሯል! ቅመሙም የሚስቴ ነው፤ አውቀዋለሁ። ሁሉም ተነሥተው ሄዱ፣ ኡርሚላም። ብቻዬን ከምስር ጋር ቀረሁ። ሳቃቸው ይሰማል...
ደጇን አልረገጥኩም። በዳክዬዎቹ ቀዳዳ ሾልኬ ገባሁ። ሸሚዜ ተቀደደ። "መምህር፣ ክንፍዎን ማን ቆረጠብዎ?" አለችና ሳህን ሰጠችኝ። የልጁ አባት እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኛም ኡርሚላን ሰጠን።
ሁለቴ አስጨመርኩ። የማን ዳክዬ እንደሆነ አልጠየቅሁም።